የአባዬ ትርፍ ሰዓት

ከብየዳ በፊት ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። አለቃዬ "ፈገግታ የሥራው አካል ነው" እያለች ስታስገለፍጠኝ ትውላለች፤ ማታ ቤት ስገባ ጉንጬን ያመኛል። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ "ምነው ዛሬ ፊትሽ ጠቆረብን?" አለኝ። የመለስኩለትን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። በዚያው ተባረርኩ። እማዬ አለቀሰች። አባዬ ግን ሻዩን ፉት ብሎ ጨረሰና "እኛ ጋ ለማጅ ይፈልጋሉ። ብረት ፈገግ በይልኝ አይልም" አለኝ።

አባዬ በያጅ ነው። የሚሠራበት ወርክሾፕ የውሃ ታንከር፣ የማሽን መቆሚያ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የተሰበረ የትራክተር አካል፣ ብቻ ብረት የተባለውን ሁሉ ይሠራል። ሌላው የበየደው ሲለቅ ወደ እሱ ነው የሚመጣው። ትልቅ ትንሹ "ጋሼ" ይለዋል። በመጀመሪያው ቀን እኔንም በር ላይ አቆመኝና "እዚህ አባዬ የሚባል ሰው የለም፤ ጋሼ በይኝ" አለኝ። እሺ አልኩ። ሊያዳላልኝ እንዳልፈለገ ገባኝና ኮራሁበት።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ለማጅ ሆነሽ ትቆያለሽ፣ ከዚያ ፈታኝ ይመጣል፤ ያለፈ በያጅ ይሆናል፣ የወደቀ ቀለም ቀቢዎች ጋ ይሄዳል። ቀለም መቀባት ነውር የለበትም። እኔ ግን እሳቱን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር አልታየኝም። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ እንደ ክብሪት ጫር ስታደርጊው፣ በማስኩ ጥቁር መስታወት ውስጥ ዓለም ሁሉ ይጠፋና ጥፍር የምታህል የቀለጠች ኩሬ ብቻ ትቀራለች። እሷን እየመራሽ ትሄጃለሽ። ሰው ወድጄ እንኳ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ለማጆች የሠራነውን ማታ በሩ አጠገብ ያለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ትተን እንሄዳለን። ፎርማኑ ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ይመጣና በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ክብ ካደረገ ጥሩ ነው፤ መስቀለኛ ካደረገ ቆርጠሽ እንደገና ትሠሪዋለሽ። መጀመሪያ ሰሞን መስቀለኛ አገኘሁ። ከዚያ ክብ። በማግስቱም ክብ። አብሮኝ የሚማረው ልጅ፣ ከቁመቱ የተነሳ መሰላል የምንለው፣ መስቀለኛው እንደ ሰላምታ ሆኖበት ነበር። እኔ ክብ በክብ ሆንኩ።

ልቤ አበጠ። ዓይኔን በጨው አጥቤ መሰላልን ማስተማር ሁሉ ጀመርኩ። "እጅህን አታፍጥነው፤ ብረቱን ስማው" እለዋለሁ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ጠዋት ሥራዬን ሳየው ማታ ከተውኩት ያማረ ይመስለኝ ነበር፤ እንቅልፍ የጠገበ ዓይን ሁሉን ያሳምራል ብዬ አለፍኩት። አባዬ በዚያ ጊዜ ትርፍ ሰዓት ይሠራ ነበር። ሁላችንም ወጥተን ማሽኖቹን አጥፍቶ ነው የሚመጣው። እማዬ ራቱን እያሞቀች ትጠብቀዋለች፤ እኔ ደግሞ እጄን ታጥቤ "ዛሬም ክብ!" እላለሁ። እሱ "ጎሽ" ይላል፤ ሳህኑን እያየ።

ፈታኙ ሊመጣ ሰሞን አባዬ "ለዚህኛው ባትቀርቢስ? ትንሽ ብትቆዪ ምን አለበት?" አለኝ።

"ምነው ጋሼ፣ ፈራህልኝ እንዴ?" ብዬ ሳቅሁበት።

"መፍራት ሳይሆን… መቸኮሉ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።"

ሌላ ቀን ደግሞ አነሳው። ተቆጣሁ። መሰላል እየቀረበ እኔ ልቀር? ከዚያ ወዲህ አላነሳውም።

ፈታኙ ክራቫቱን ሸሚዙ ውስጥ የወተፈ ዝምተኛ ሰው ነበር። ፊቱ አቁሞ አስበየደን። እንደጨረስን ብረቶቻችን ላይ ቁጥር መታና ማንም ሳይነካቸው ራሱ ተሸክሞ መጭመቂያው ጋ ወሰዳቸው። መጭመቂያው ብረቱን ልክ ብየዳው ላይ ይጫነውና ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት እስኪተያዩ ድረስ ያጎብጠዋል። ጥሩ ብየዳ አብሮ ይታጠፋል፤ መጥፎው ይሰነጠቃል። የመሰላል ተጎነበሰ፣ ምንም አልሆነም። መሰላል ራሱ ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። የኔ ገና ሳይታጠፍ ቀጭ አለና ለሁለት ሄደ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ፈታኙ ስብራቱን ወደ ብርሃን ዞር አድርጎ አየና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ፎርማኑ "ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ነካት? ሁሌ ክብ አይደለችም እንዴ?" ይላል፤ ማንን እንደሚጠይቅ ግን አይታወቅም። ያኔ ስኳር መጣ። ስኳር የቱቦ በያጅ ነው፤ ስኳር የሚሉት ምርር ያለ ሰው ስለሆነ ነው። የተሰበረውን አንስቶ ውስጡን አየውና ወደ አባዬ ዞረ።

"ጋሼ፣ ንገራት እንጂ" አለ።

አባዬ ጓንቱን እያየ ቆመ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ከጓንቱ አወጣ፤ መልሶ አስገባ። ያ ሁሉ ትርፍ ሰዓት ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

ወደ ቤት የመጋዘኖቹን ግንብ ይዘን ሄድን። ሌላ ጊዜ በዚያ መንገድ ወሬ አያልቅብንም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"መጀመሪያ ሰሞን።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም አይደለም። አንዳንዱ ደህና ነበር።"

"የትኛው?"

አላስታወሰም።

"ቶርኖ ማሽኑ ላይ ብረት የሚቀርጸው ሰውዬ ሥራሽን አንስቶ 'ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው' እያለ ሲያስቃቸው ሰማሁት" አለ ትንሽ ከሄድን በኋላ። "አንቺ ውሃ ልትጠጪ ወጥተሽ ነበር። ማታ ፍቄ ደግሜ በየድኩት። ለአንድ ቀን ብቻ ነበር ያሰብኩት። ጠዋት ክቡን ስታዪ ግን… እንዴት እንደሆንሽ አታስታውሺም? ዘለልሽ እኮ።"

"ፎርማኑ እንዴት አላወቀም? ያንተን እጅ በሩቁ የሚለይ ሰው!"

"እንዳንቺ አድርጌ ነዋ የምበይደው" አለ። "መጨረሻው ላይ ወደ ግራ ትስቢያለሽ። መሃሉ ላይ ትቸኩያለሽ። ውስጡን አጠብቀውና ላዩን እንዳንቺ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ በጣም አስቸግሮኝ ነበር።" ይቺን የመጨረሻዋን ሲናገር ትንሽ እንደ መኩራት አለ።

ልስቅም ላለቅስም አቃተኝ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተካክል የኖረ ሰው፣ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲገባ ብቻውን ጎንበስ ብሎ የኔን መንጋደድ ሲለማመድ ታየኝ። ከማንም በላይ ያውቅልኝ ነበር። የት እንደምቸኩል፣ የት እንደምስት፣ አንድም የቀረው የለም። አንዷን እንኳ ለኔ ቢነግረኝ ኖሮ! ቤት ገብቼ ለእማዬ ሳወራላት ደግሞ "አውቃለሁ" አለችኝና አረፈችው። "ታዲያ አባት ለምኑ ነው?"

ፎርማኑ አዘነልኝና ፈታኙ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ እንድቆይ ፈቀደ። "ያኔም ካልሆነ ቀለም ነው፤ በኋላ ሆድ እንዳይብስሽ" አለኝ። ማን ያስተምራት ሲባል ሁሉም ጣራ ጣራውን አየ። የጋሼን ልጅ ማን ይነካል? "ለኔ ስጧት" ያለው ስኳር ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ጋሼ አጠገባችን እንዳይደርስ። አባዬ አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ።

ስኳር ክብም መስቀለኛም አያውቅም። በየድሽ፣ ቆረጥሽ፣ ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰርሽ፣ በመዶሻ ራስሽ ትሰብሪዋለሽ። "ላዩን ተይው። ውስጡን እይ" ይለኛል። ውስጡ ስፖንጅ ነበር። ቀዳዳ በቀዳዳ፣ በየመሃሉ የተቀበረ ቅርፊት፣ ብረት ከብረት ሳይነካካ እንዲሁ ጎን ለጎን የተኛ። ቶርኖ ላይ ያለው ሰውዬ ያየውን አሁን አየሁት። የኔ ሲሰበር ወርክሾፑ ሁሉ ይሰማል፤ አንዳንዱም ይስቃል። ደሜ ይፈላል፤ ግን ማንም ሲስቅብኝ አልሞትኩም። ማስክ ውስጥ ማልቀስ ግን አይመከርም፤ መስታወቱን በእንፋሎት ይሸፍነዋል። "ስታለቅሺ ቁሚ፤ ስትጨርሺ ቀጥዪ" ይለኛል ስኳር። ከሱ አፍ የወጣው ማር ይኸው ነው።

አባዬ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ከሁሉም ቀድሞ መውጣት ጀመረ። ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ጠፋው። ያልላላ የበር ማጠፊያ ያጠብቃል፤ ያልተበላሸ ቧንቧ ፈትቶ ይገጥማል። እማዬ "ውሃውን ሰላም ስጠው" እያለች ትጮህበታለች። እኔን ስለ ሥራ አይጠይቀኝም፤ እኔም አልነግረውም። አንድ ቀን ከቦርሳዬ አውጥቼ የረሳሁትን የተሰበረ ብረት ጠረጴዛው ላይ አይቶ አነሳው። በአውራ ጣቱ ስብራቱን ዳበስ ዳበስ አደረገ። "እዚህ ጋ እኮ ትንሽ ቀስ ብትዪ…" ብሎ ጀመረና የተከለከለ ነገር የተናገረ ይመስል ቶሎ አስቀመጠው። አንጀቴን በላው። ቀጥል ልለው ነበር፤ ስኳር ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው። አባዬ በሕይወቱ ሊያስተምረኝ የጀመረው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

ቀስ በቀስ ስብራቶቼ ጥቅጥቅ እያሉ መጡ። ከዚያ አንድ ቀን በመዶሻ ብመታው ብመታው አልሰበር አለኝ። ስኳር መዶሻውን ተቀብሎ ራሱ መታው፤ ብረቱ ታጠፈ እንጂ ብየዳው አልለቀቀም። መዶሻውን አስቀምጦ ሄዶ ውሃ ጠጣ።

ፈታኙ ሲመለስ ያው ክራቫቱን ሸሚዙ ውስጥ ወትፎ ነበር። ፊቱ በየድኩ። ቁጥር መታ። አባዬ ውጭ በሩ ጋ ቆሞ እንዲጠብቅ ስኳር ነግሮት ስለነበር አላየም። መጭመቂያው ወረደ። ብረቱ ጎበጠ፣ ጎበጠ፣ ሁለቱ ጫፎች ተያዩ። ፈታኙ ጉብጠቱን በጣቱ ዳሰሰና "አልፋለች" አለ። መሰላል ጮኸ። ቶርኖ ላይ ያለው ሰውዬ ማሽኑን አጥፍቶ አጨበጨበ። ስኳር "እንግዲህ ወደ ሥራሽ" ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ብረቱን ገና እንደሞቀ ይዤ ወደ አባዬ ሮጥኩ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ስንደርስ የምተወውን ስም እየጠራሁ፦ "አባዬ! አባዬ!" ተቀበለኝ። ወደ ፀሐይ ዞር አድርጎ አየው። ከላይ አየ፣ ከታች አየ፣ አውራ ጣቱን መስመሩ ላይ አስኬደው። ዓይኑ እንባ ሞላ። ግንባሬን ሳመኝ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ወደ ውስጥ ሰረቅ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስኳር ነው አይደል?" አለኝ።

"ምኑ?"

"የነካካልሽ። ንገሪኝ ግድ የለም፤ ለማንም አልናገርም። ፈታኙ ሳያይ እንዴት አድርጎ አሳለፈው ግን?"

"እኔ ነኝ አባዬ። ራሴ ነኝ የበየድኩት። ፈታኙ ፊት።"

"አዎ፣ አዎ። አንቺ ነሽ እንጂ፣ የኔ ልጅ" አለ። ሕፃን ሆኜ የደረቀ አበባ ውሃ አጠጥቼ ይበቅላል ስለው፣ "አዎ ይበቅላል" የሚለኝ በዚህ ድምፅ ነበር።

ያን ሁሉ ጊዜ የመሰለኝ እንዳልሳቀቅ ብሎ እንደሠራልኝ ነበር። ለካ ከመጀመሪያውም ይህቺ እጅ ትችላለች ብሎ አስቦ አያውቅም። ብረቱን በጥንቃቄ መለሰልኝና ቱታውን አራግፎ ወደ ውስጥ ገባ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ስኳር ጋ ሄዶ እጁን በሁለት እጁ ያዘውና ጎንበስ ብሎ "እግዜር ይስጥህ፣ ውለታህን አልረሳም" አለው። ስኳር ስላስተማረኝ የሚያመሰግነው መስሎት ራሱን ነቀነቀ።