በራሱ አይጠፋም

እታፈራሁ ካምፓላ ከገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል። አዲስ አበባ ሳለች የአንድ ባንክ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነበረች። እዚህ እንደመጣች ሁለት ዓመት ያህል ያገኘችውን ሁሉ ስትሠራ ቆየችና በመጨረሻ ንቲንዳ በሚባል ሰፈር የሚገኝ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ቀጠራት። ድርጅቱ ክሊኒኮች መድኃኒት ከመጋዘን የሚያዙበትን ፕሮግራም ይሠራል። ባሏ ተሻለ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ ኮሮና ከገባ ወዲህ ግን የአገሩ ትምህርት ቤቶች እንደተዘጉ ስለነበሩ በ2021 ቤቱ በእሷ ሥራ ብቻ ነበር የቆመው።

በዚያ ዓመት ድርጅቱ ሰባት ቡድኖች ነበሩት፤ አንዱ የሚሠራውን ሌላው አያውቅም። አለቃው ሚስተር ሴማኩላ ይህን ያስተካክላል የተባለ ትልቅ የሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር አስገዛና እታፈራሁን ጠርቶ፣ ‹‹ባቡሮቹን አንቺ አቋቁሚልን›› አላት። ባቡር የሚሉት አብረው አቅደው፣ በአንድ ቀን ጀምረው፣ ሥራቸውን አብረው የሚያወጡ ቡድኖችን ነው። እቅዱ በየአሥር ሳምንቱ ይወጣል፤ ይህን ዑደት ይሉታል፤ በዑደቱ ውስጥ ባቡሩ በየሁለት ሳምንቱ ይነሣል። የደረሰ ሥራ ይሳፈራል፤ ያልደረሰ የሚቀጥለውን ይጠብቃል።

እታፈራሁ የኦንላይን ሥልጠናውን ወሰደች፤ ሰርተፊኬትም አገኘች። የትዕዛዝ ባቡርና የማድረሻ ባቡር ብላ ሁለት ባቡር አቋቋመች፤ ቡድኖቹን ደለደለች፤ የሁሉንም የሥራ ቀን አቆጣጠር አንድ አደረገች። አንድ ቡድን የሌላውን ሥራ የሚጠብቅ ከሆነ በሶፍትዌሩ የእቅድ ሰሌዳ ላይ በሁለቱ መካከል ቀይ መስመር ይሰመራል። መስመሩ እያለ ጠባቂው ሥራ አይወጣም። ሶፍትዌሩን እንዳሻው የመለወጥ ሥልጣን በድርጅቱ ውስጥ የነበራት እሷ ብቻ ነበረች። ሰው ‹‹የባቡሯ እመቤት›› እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም ቀልዱን ትወደው ነበር።

ለክሊኒኮች በስልክ መልእክት የሚልከውን ቡድን የምትመራው ፌሩዝ የምትባል ኤርትራዊት ናት። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም፤ አማርኛውን አዲስ አበባ ካደገች እናቷ ነው ያገኘችው። ሙቱንጎ በሚባለው ሰፈር ጎረቤታሞች ስለሆኑ ጠዋት ጠዋት ከእታፈራሁ ጋር ዳገቱን አብረው ወርደው አንድ ታክሲ ይሳፈራሉ። ‹‹ስሚኝማ እህቴ›› ብላ ትጀምርና ንቲንዳ እስኪደርሱ አታቆምም። ሥራ ላይ ግን ቁጥብና ጠንቃቃ ነበረች።

በመስከረሙ እቅድ ፌሩዝ አንድ ቀይ መስመር አሰመረች። የክሊኒኮቹ ስልክ ቁጥር መዝገብ ሳይታደስ አዲሱ የትዕዛዝ ገጽ እንዳይወጣ፣ ከወጣ መልእክቱ ለማይሆን ሰው እንደሚደርስ ጻፈችበት። እታፈራሁ በራሷ ዓይን አንብባ ‹‹ጎሽ›› ብላት ነበር።

ከዚያ በኋላ በነበረው አርብ ሴማኩላ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ሰኞ ለቦርዱ የሚያቀርበው ሥዕል ያስፈልገዋል፤ የትዕዛዙ ባቡር ግን ከአቅሙ በላይ ስለተጫነ ሰሌዳው ላይ ቀልቶ ይታያል።

‹‹የሚቀነስ ነገር የለም? አረንጓዴ አድርጊልኝ›› አላት።

‹‹አየዋለሁ›› አለች።

አየችው። የመልእክት ቡድኑን ከትዕዛዙ ባቡር ነቅላ ወደ ማድረሻው ብታዛውረው ሁለቱም እንደሚስተካከሉ ገባት። በሥልጠናው ላይ፣ በዑደት መሐል ቡድን አይነቀልም፣ ግድ ከሆነም መጀመሪያ በሶፍትዌሩ የመለማመጃ ቅጂ ላይ ይሞከራል ተብሎ ተነግሯታል። መለማመጃውን መክፈት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ እሷ ደግሞ ሴማኩላ ከቢሮው ሳይወጣ ‹‹ጨረስኩ›› ልትለው ፈለገች። ቡድኑን ስታዛውር ሶፍትዌሩ አንድ የማስጠንቀቂያ ሣጥን አወጣ። የመጀመሪያውን መስመር እንኳ አንብባ ሳትጨርስ ‹‹እሺ›› የሚለውን ተጫነችው። ባቡሮቹ አረንጓዴ ሆኑ። ሴማኩላ ትከሻዋን መታ አድርጎ አመሰገናትና ወጣ። እሷም ደስ ብሏት ቤቷ ገባች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አዲሱ የትዕዛዝ ገጽ ያለአንዳች ተቃውሞ ወጣ፤ የሚያግደው ቀይ መስመር አልነበረማ። በማግስቱ ስልኮች ይጮሁ ጀመር። መልእክቶቹ በአሮጌ ቁጥሮች እየሄዱ ነበር። አንዲት ከደሴት ክሊኒክ የመጣች ነርስ፣ ለሌላ ክሊኒክ የተላከ ‹‹መድኃኒታችሁ ፖርት ቤል ደርሷል፣ ኑና ውሰዱ›› የሚል መልእክት ደርሷት፣ በጀልባ ተሻግራ ወደቡ ላይ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቅ ውላ ባዶ እጇን ተመልሳለች። የሞተ ሰው የለም። ነርሷ ግን ደውላ አልተሳደበችም፤ በትሕትና ‹‹ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆን?›› ብላ ነበር የጠየቀችው። 

ረቡዕ ጠዋት ሴማኩላ የቡድን መሪዎቹን ሰበሰበ። ሁሉም ማስክ አድርገው ተራርቀው ተቀምጠዋል።

‹‹ፌሩዝ፣ ይህ እንደሚመጣ አላወቅሽም ነበር?›› አላት።

‹‹አውቄ ነበር። በእቅዱ ቀን ቀይ መስመር አስምሬበታለሁ።››

ሴማኩላ ሰሌዳውን ግድግዳው ላይ አበራው። መስመር የለም።

‹‹አስምሬ ነበር›› አለች ፌሩዝ። ድምጿ ቀጠነ። ‹‹ወላሂ አስምሬ ነበር።››

ሴማኩላ ወደ እታፈራሁ ዞረ። ‹‹አንቺ ታውቂዋለሽ። እንዲህ ያለ መስመር በራሱ ሊጠፋ ይችላል?››

ያን ጊዜ ነው የአርቡ ሣጥን ፊቷ ድቅን ያለው። ማስጠንቀቂያው ምን ይል እንደነበር ሳታነበው ገባት። ቡድኑ ሲነቀል የተሳሰረበት ሁሉ ይበጠሳል። ተሻለ፣ የቤቱ ኪራይ፣ የባቡሯ እመቤት መባሏ፣ ሁሉም ባንዴ መጡባት።

‹‹በራሱ?›› አለች። ‹‹በራሱ እንኳ አይጠፋም።››

ቃሉ እውነት ነበር፤ የሰማው ሁሉ ግን ፌሩዝ አላሰመረችም ብሎ ተረዳው። ማንም ሐሰት ተናገርሽ ሊላት አይችልም። ፌሩዝ ቀና ብላ አየቻትና ዓይኗን መለሰች። እጇ ላይ የነበረውን ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እታፈራሁ ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ የለውጦቹን መዝገብ ከፈተች። እዚያ የምትገባው እሷ ብቻ ናት። አርብ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ፤ ቡድን ተዛወረ፤ አራት ማያያዣዎች ተቋረጡ፤ ያደረገችው እታፈራሁ። ስሟን ደጋግማ አነበበችው። ገጹን ስትዘጋ ሰው ያየባት ይመስል ዘወር ብላ ዙሪያዋን ቃኘች።

ማታ ተሻለ ጓሮ ተቀምጦ ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ ሲልጥ አገኘችውና ነገረችው። ቢላውን አስቀምጦ አዳመጣት።

‹‹አትናገሪ አልልሽም›› አላት። ‹‹ግን ትምህርት ቤት ጥር ላይ ይከፈታል እያሉ ነው። እስከዚያ ብትታገሺ።››

‹‹ልጅቷስ?››

‹‹አላባረሯትም እኮ።››

ይህን ሲል አላያትም። እሷም መልሱን ስትፈልገው ስለነበር ቶሎ ተቀበለችው፤ በተቀበለችው ጊዜ ደግሞ ከባሏም ከራሷም አፈረች።

ፌሩዝን አላባረሯትም፤ ከመሪነቷ ግን አነሷት። በሶፍትዌሩ ላይ ስሟን ከመሪዎቹ ዝርዝር አውጥቶ ከተራ ሠራተኞቹ መሐል የሚያገባው አስተዳዳሪው ስለሆነ ሥራው የመጣው ለእታፈራሁ ነው። ጠዋት መጥቶላት እስከ ከሰዓት አቆየችው። ከዚያ ሠራችው። ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነበር፤ ይህን ጊዜ ግን የወጣውን ሣጥን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው።

በማግስቱ ታክሲው ላይ ፌሩዝ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ንቲንዳ ሲወርዱ እታፈራሁ በሩ ላይ ተዘናግታ መንገድ ዘጋችባት።

‹‹ይቅርታ፣ ያሳልፉኝ›› አለቻት ፌሩዝ።

እታፈራሁ ከበሩ ገለል አለችላት። ትናንት ‹‹ስሚኝማ›› የምትላት ልጅ አንቱ አለቻት። ስድብ ቢሆን ትመልስ ነበር፤ ለአክብሮት ግን መልስ የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩብ ሰዓት ቀድማ እየወጣች ብቻዋን ቦዳ በሚሉት የሞተር ብስክሌት መሳፈር ጀመረች። ቢሮም ስትገባ ሰው ‹‹የባቡሯ እመቤት›› ሲላት ጆሮዋ ይግላል። በምሳ ሰዓት ሰው መሐል መብላት አቆመች።

አምስት ሳምንት እንዲህ ሆነች። የሚቀጥለው እቅድ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ከሰዓት፣ ተሻለን ምንም ሳትለው ወጥታ የፌሩዝን በር አንኳኳች። ፌሩዝ ልብስ እያሰጣች ነበር። ከቤቷ ጓሮ ቁልቁል ሐይቁ ይታያል።

‹‹ይግቡ›› አለቻት።

‹‹አልገባም፣ እዚሁ ይሻለኛል። ፌሩዝ፣ ያንን መስመር ያጠፋሁት እኔ ነኝ።››

‹‹አውቃለሁ።››

እታፈራሁ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ‹‹እንዴት?››

‹‹በመስከረሙ እቅድ ቀን፣ ሐሙስ፣ ሰሌዳውን ፎቶ አንስቼ ለቡድኔ ልኬላቸው ነበር። ስልኮቹ መጮህ ሲጀምሩ ሰኞ ለቦርዱ ከቀረበው ሥዕል ጋር አስተያየሁት፤ ሐሙስ መስመሩ አለ፤ ሰኞ የለም። ሊነካው የሚችለው ሌላ ማን አለ?››

‹‹ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አላሳየሽም?››

ፌሩዝ የያዘችውን ነጠላ ገመዱ ላይ ዘረጋችው። ‹‹ስልኩ እጄ ላይ ነበር። እርስዎን ሲጠይቅዎት፣ አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። በራሱ አይጠፋም ሲሉ ግን...›› ቆም አለች። ‹‹ሁለት ሐበሾች በሰው አገር፣ በሰው ፊት ተካሰሱ እንዲባል አልፈለግኩም። ደግሞ አፈርኩልዎ። እኔ ነኝ ያፈርኩት፣ እርስዎን አይቼ።››

እታፈራሁ ማልቀስ ጀመረች። ፌሩዝ አላባበለቻትም፤ አልተቆጣቻትምም።

‹‹ይቅር በይኝ።››

‹‹ለእኔ መንገር ምን ያደርጋል? እኔ የማውቀውን ነው የነገሩኝ። ያኔ የተናገሩት ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።›› ባዶውን ባልዲ አንሥታ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። እታፈራሁ ዳገቱን ወጣች።

ሐሙስ ሰባቱም ቡድኖች ተሰበሰቡ፤ ግማሹ አዳራሽ ውስጥ፣ ግማሹ በስክሪን። እቅዱን የምትከፍተው እሷ ናት። የለውጦቹን መዝገብ ግድግዳው ላይ አበራችው።

‹‹ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አለብኝ›› አለች። ‹‹ይህ የእኔ ስም ነው። የመልእክት ቡድኑን በዑደቱ መሐል የነቀልኩት እኔ ነኝ። የፌሩዝ መስመር የጠፋው በዚያ ነው። ሚስተር ሴማኩላ ሲጠይቀኝ አውቄው ነበር፤ አውቄ ዝም አልኩ። ፌሩዝ ምንም አላጠፋችም።››

ስክሪኑ ላይ አንዱ ማይኩን ሳያጠፋ ኖሮ ከቤቱ የዶሮ ድምፅ ተሰማ፤ ማንም አልሳቀም። ፌሩዝ ጠረጴዛዋን ታያለች። እታፈራሁ ተቀመጠች፤ እቅዱን ሌላ ሰው ከፈተው።

ከሰዓት ሴማኩላ ቢሮው ጠራት።

‹‹ስህተቱ የእኔም ነው›› አለ። ‹‹አረንጓዴ አድርጊልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ስህተት እንኳ ይታለፋል። አምስቱን ሳምንት ግን ምን ልበለው?››



የአስተዳዳሪነቱን ሥልጣን በዚያው ቀን ወሰዱባት፤ ባቡሮቹም ለሌላ ሰው ተሰጡ። ፌሩዝ በሁሉም ፊት ይቅርታ ተጠይቃ ወደ መሪነቷ ተመለሰች። እታፈራሁን አላባረሯትም፤ የሶፍትዌሩን መመሪያ እንድትጽፍ ከመስኮቱ ርቃ ባለች ጠረጴዛ አስቀመጧት። ተሻለ ወሬውን ሲሰማ የማቶኬውን ሳፋ ይዞ ጓሮ ወጣ፤ ሲመለስ ግን እራቷን ራሱ አቀረበላት።

ጥር ላይ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ተሻለ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሶ ሥራ ገባ። ያኔ ብትፈልግ መልቀቅ ትችል ነበር፤ ተሻለም ‹‹ልቀቂና ረፍት አድርጊ›› ብሏት ነበር። አለቀቀችም። ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ አጥርታ አትናገርም፤ ብቻ ያንን አዳራሽ በየቀኑ ማለፍ እንዳለባት ይሰማታል። ከፌሩዝ ጋር ሰላም ይባባላሉ፤ ስለ ሥራም ይነጋገራሉ። ከዚያ አላለፈም።

በመጋቢት ባቡሮቹን የሚረከቡ ሁለት አዲስ ሠራተኞች መጡና ማሠልጠኑ ለእሷ ደረሰ። ቡድን ስለማዛወር የጻፈችው ክፍል ስድስት ገጽ ነበር።

‹‹ይህ ሁሉ ለአንድ ቁልፍ?›› አለቻት አንዷ እየሳቀች። ‹‹እንዲህ ያደረገ ሰው አለ እንዴ?››

‹‹አለ›› አለች እታፈራሁ። ‹‹እኔ ነኝ።››

ልጅቷ ቀልድ መስሏት ሳቋን ልትቀጥል ነበር፤ የእታፈራሁን ፊት አየችና ተወችው። እታፈራሁ ጆሮዋ እንደጋለ ከአርቡ ጀምራ ነገረቻቸው፤ ስለ ነርሷም፣ ስለ ረቡዑ ስብሰባም፣ ስለ አምስቱ ሳምንትም። ስትጨርስ ውኃ ጠጣችና መለማመጃውን ቅጂ ከፍታ፣ ‹‹በሉ፣ አሁን እናንተ አዛውሩ። ሣጥኑ ሲወጣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡልኝ›› አለቻቸው።