በስምንተኛው ሳጥን የተተካው አይጥ

ፈይዛ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ላይ ሳታነሳ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠረች። ከስምንተኛው አይጥ ከተወሰዱት መቶ በሽታ ተከላካይ ሴሎች ሰማንያ አንዱ ለሙከራ የቀረበላቸውን እርሾ ውጠውታል። የሌሎቹ ሰባት አሮጌ አይጦች ሴሎች ግን ከአርባ አላለፉም ነበር።

አይጥ ሲያረጅ ሰውነቱን ከበሽታ የሚጠብቁት ሴሎች ይደክማሉ ወይ? የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ ይህ ነበር። ለዚህም ስምንት አይጦች ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላቸው ጠብቃለች። ከስምንት ካነሰ አማካሪዋ ዶክተር ተሻለ ጥናቱን እንደማይቀበሏት አስቀድመው ነግረዋታል። ምርቃቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አገሯ ጨለለቅቱ ያሉት አባቷ ለድግሱ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ጨርሰዋል።

ወደ አይጦቹ ቤት ወርዳ ጠባቂውን አቶ ግዛቸውን ስለ ስምንተኛው አይጥ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ አላውቅም አሉ። ከዚያ የያዙትን የመኖ ጣሳ አስቀመጡ።

"ለእረፍት አገርሽ በሄድሽ ጊዜ አንዱ ሞተ። ዶክተሩ ከስምንት ከጎደለ አትመረቅም ሲሉ ሰምቼ ነበርና አዘንኩልሽ። ነጭ አይጥ ምኑ ይለያል ብዬ ሌላ ተካሁበት።"

"የተኩት አይጥ ስንት ወሩ ነበር፣ ጋሼ?"

"አምስት ቢሆነው ነው።"

ፈይዛ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ሰማንያ አንዱን ሠላሳ ስምንት ብላ ብትጽፈው ማን ያውቃል? እስክሪብቶዋን አነሳች። ከዚያ ቁጥሩን በአንድ መስመር ሰረዘችና አጠገቡ የተተካ አይጥ ብላ ጽፋ፣ ደብተሯን ይዛ ዶክተር ተሻለ ቢሮ ገባች፤ የሆነውን አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ዶክተሩ የአይጦቹን መዝገብ ገለጡ። በዕድሜ የሚቀርበው አይጥ ገና አሥራ ሦስት ወሩ ነው፤ አምስት ወር መጠበቅ ግድ ነው አሏት።

"ምርቃቱ ያልፍሻል።"

"ይለፈኝ። የማላምንበትን ቁጥር ይዤ አልመረቅም።"

"ጠባቂው ግን መቀየር አለበት።"

"አይቀየሩብኝ፣ ዶክተር። እኔ በሌለሁበት በዓል ሁሉ አይጦቹን ያበሏቸው እሳቸው ናቸው። ያጠፉትን እኔው እነግራቸዋለሁ።"

ከቢሮው እንደወጣች አባቷ ጋ ደውላ ምርቃቱ ዘንድሮ እንደማይሆን ነገረቻቸው። አባቷ ምክንያቱን ሰምተው፣ እንግዳውን እኔ እመልሳለሁ፣ አንቺ ሥራሽን ጨርሺ ብቻ አሉ።

ወደ አይጦቹ ቤት ስትመለስ አቶ ግዛቸው አንገታቸውን ደፍተው ሳጥን ያጥቡ ነበር። ፈይዛ ስልክ ቁጥሯን በትልልቁ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈችው።

"ከእንግዲህ አንድ አይጥ ቢሞት ሌላ ሳይተኩ ይደውሉልኝ፣ ጋሼ" አለቻቸው። "የትም ብሆን እመጣለሁ።"