የኦክሂ መድኃኒት

ማልሱን ሌባ አልነበረችም። ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር ስትገባና ስትወጣ እጇን በሰው መረብ ውስጥ አስገብታ አታውቅም። የምራቷን መድኃኒት የሰረቀችው ግን እሷ ናት፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም ደግ የሠራች መስሏት።

በኮሪያ የጄጁ ደሴት ባለው በዚያ መንደር ጠላቂ ሴቶቹ ባሕር ከመግባታቸው በፊት በድንጋይ ካብ በተከለለው እሳት ዙሪያ ቁጭ ብለው የራስ ምታት ዱቄት ይውጣሉ። ትንፋሽን አፍኖ ጥልቅ ውኃ ውስጥ መውረድ ራስን ይወቅራል፤ ስለዚህ ዱቄቱ ይቀድማል፣ የባሕር ቀንድ አውጣና የባሕር አረም ለቀማው ይከተላል። እያደር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባሕር የማይገባበት ቀንም ዱቄቱ ካልተዋጠ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይረበሻል። ማልሱን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትውጠው ኖራ ጨጓራዋ ደም አፈሰሰና ግማሹ ተቆርጦ ወጣ። አሁን የጠላቂዎቹ አለቃ ናት፤ በእሳቱ ዙሪያ ጭስ የማይደርስበት ቦታ የእሷ ነው። አጠገቧ ነጭ ወረቀት ሲገለጥ ግን ዛሬም ፊቷን ታዞራለች።

ኦክሂ ወደዚህ ቤት የመጣችው ከመሀል ደሴት፣ ከብርቱካን አምራቾች መንደር ነው። የማልሱን አንድ ልጅ ዮንግቤ አገባትና ሠርጉ ሳይቀዘቅዝ በትልቅ መርከብ ዓሣ ሊያጠምድ ሩቅ ባሕር ሄደ። ልጅቷ ዝምተኛ ናት፤ ሥራ ግን አትጠላም። ጠዋት ጠዋት በጓሮው የተደረደሩትን የአኩሪ አተር ጋኖች አንድ በአንድ ታብሳለች፤ ከዚያ ከአማቷ ጋር ወርዳ ጀማሪዎች በሚማሩበት ጥልቀት በሌለው ውኃ መጥለቅ ትለማመዳለች። ማልሱን ለሰው አትናገርም እንጂ ወዳታለች።

አንድ ቀን ማድ ቤት ስትገባ ኦክሂ ጀርባዋን ሰጥታ ከነጭ ወረቀት ውስጥ የሆነ ነገር ስትውጥ አየቻት። ማታም ደገመችው። ያኔ ፋርማሲው ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ዓይነት ነጭ ወረቀት ነበር የሚጠቀልለው፤ ስም የለበት፣ ምን የለበት። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ማልሱን የታያት የተቆረጠው ጨጓራዋ ነው። ገና መጥለቅ ሳትለምድ ዱቄት ለመደች! ኦክሂ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ወረቀቶቹን ከትራሷ ሥር ጠርጋ ወሰደች፤ ከጋኖቹ ሁሉ ኋላ ያለችው አፏ የተሸረፈ ባዶ ማሰሮ ውስጥ ከተተቻቸውና ክዳኑን ገጠመችበት።

ማታ ኦክሂ ፍራሹን ገለበጠች፣ ሳጥኑን በረበረች፣ በመጨረሻ መጥታ ቆመች።

«እማማ፣ ከትራሴ ሥር ነጭ ወረቀት አላዩልኝም?»

«አይቻለሁ። ባሕር ጣልኩት።»

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። ማልሱን ይህንንም እንደ ሱስ ምልክት ቆጠረችው። «አንቺን ሳክል አንድ ሰው ከእጄ ቢነጥቀኝ ኖሮ ዛሬ እንደ ሰው ጠግቤ እበላ ነበር። ቻይው። በኋላ ታመሰግኚኛለሽ።»

«እማማ፣ እሱ እኮ...»

«እሱ እኮ ምን?»

ኦክሂ አንገቷን ደፋች። «ምንም። ነገ ከተማ ደርሼ ብመጣስ?»

«ለዱቄት? ጥንቅር ይበል! የአረም አጨዳው ይለቅና ትሄጃለሽ።»

እንዲህ አለቻትና እንቅልፏን ለጥ ብላ ተኛች። በኋላ ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ይህ ነው፤ ያን ሌሊት ደኅና እንቅልፍ መተኛቷ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ የኦክሂ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ከንፈሯ ምግብ ሳይኖርበት ያላምጣል። ሳህኑ ከጭኗ ተንሸራቶ ተሰበረ። ትንሽ ቆይታ ነቃችና ስባሪውን ሌላ ሰው የሰበረው ይመስል አየችው።

«አይዞሽ፤ እኔም ስተወው እንዲሁ አድርጎኝ ነበር። ሊወጣልሽ ነው» አለች ማልሱን፣ ጀርባዋን እያሻሸች። ስባሪውንም ራሷ ለቀመች፤ ምራት ላይ የማይጮኽ አማት በዚያ መንደር ብርቅ ነው።

በማግስቱ ባሕር ወረዱ። ጠላቂ ከሥር ስትወጣ አፍና የያዘችውን ትንፋሽ በፉጨት ነው የምትለቀው፤ ማልሱን ደግሞ የእያንዳንዷን ፉጨት ዓይኗን ጨፍና ትለያለች። የጎረቤቷ የቹንጃ ፉጨት እንደ አፏ ወፍራም ነው። የኦክሂ ቀጭንና የሚሰባበር ስለሆነ ሴቶቹ «የአማትሽን ገንፎ እፍ እያልሽ ነው እንዴ?» ይሏታል። ያን ቀን ማልሱን አንድ ቀንድ አውጣ ፈልቅቃ ብቅ አለችና ጆሮዋን አቆመች። የቹንጃ ተሰማ። የሌሎቹም ተሰማ። ቀጭኑ የለም።

ውኃ ላይ የምትደገፍባት ቅሏ ብቻዋን ትንሳፈፋለች። ማልሱን እንዴት ዋኝታ እንደደረሰች አታውቅም። ኦክሂ በፊቷ ተደፍታ መላ አካሏ ይንዘፈዘፋል፤ ፊቷን ወደ ላይ ገለበጠችና ከቹንጃ ጋር እየጎተቱ ዓለቱ ላይ አወጧት። እዚያም መንዘፍዘፉ አልተዋትም።

«ምላሷን ልትውጠው ነው!» ቹንጃ የቀንድ አውጣ መፈልፈያዋን እጀታ በልጅቷ ጥርሶች መካከል ሰነቀረች። አንዷ እግሯን ጨምድዳ ያዘች። ማልሱን ደግሞ ልጅ ሲታመም እንደሚደረገው የልጅቷን አውራ ጣት በመርፌ ወጋች። ደም ወጣ፤ ከጣቷም፣ ከተሸረፈው ጥርሷም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጩኸቱን ሰምታ በብስክሌት የደረሰችው ይሄኔ ነው። ብስክሌቱን ወርውራ ጮኸች። «ልቀቋት! ያን እንጨት ከአፏ አውጡ! ምላስ አይዋጥም፣ ጥርስ ነው የሚሰበረው!» ኦክሂን በጎኗ አስተኛች፣ ራሷ ሥር ጨርቅ አደረገችላት፣ ከዚያም ምንም ሳትሠራ ዝም ብላ ጠበቀች። መንዘፍዘፉ እየረገበ ሄደና ልጅቷ ከባድ ትንፋሽ መተንፈስ ጀመረች።

ጤና ጣቢያ ወስደው አሳደሯት። በማግስቱ ልቧ ሲመለስ ነርሷ ጠየቀቻት። «ከዚህ በፊት ጥሎሽ ያውቃል?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ። ከተማ ካለው ሆስፒታል ጠዋትና ማታ የምውጠው መድኃኒት ሰጥተውኛል። እሱን ከጀመርኩ ጥሎኝ አያውቅም ነበር።»

«ታዲያ አሁን ምን ተገኘ?»

ማልሱን አልጋው ግርጌ ቆማ ነበር። የምራቷ ዓይን ወደ እሷ መጣና ተመለሰ።

«ረሳሁት» አለች ኦክሂ።

«ይሄ ይረሳል? የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ብሶበት ነው የሚመጣው! መሞት አምሮሽ ነው?»

«በነጭ ወረቀት የተጠቀለለው ነው?» አለች ማልሱን። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም።

«ታዲያ በሐር ይጠቅልሉልዎት?» አለች ነርሷ፣ አዲስ መድኃኒት ለማስላክ ወደ ስልኩ እየሄደች።

ማልሱን ነገሩ ገባት። ልጅቷን ባሕር ውስጥ አልነበረም የገፋቻት፤ ማድ ቤት ውስጥ ነበር። እሷው ገፍታ እሷው ጎተተቻት፤ ሰዉ ግን ያየው መጎተቷን ብቻ ነው። መንደሩ ሁሉ «ምራቷን ከሞት አፍ ነጠቀች» እያለ ያመሰግናታል።

በአውቶቡስ ሲመለሱ በመስኮት በኩል ያለውን ወንበር ለቀቀችላት።

«ለምን ረሳሁት አልሽ?»

«አማቴ ወሰደችብኝ ልበል? በሰው ፊት?»

«መጀመሪያውኑስ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

ኦክሂ የተሸረፈ ጥርሷን በምላሷ ነካ አደረገች። «አንድ ጊዜ ለሰው ተነግሮ ነበር። ሊያጩኝ የመጡት ሽማግሌዎች የጎረሱትን ምሳ ሳይውጡ ነው ተነስተው የሄዱት። ዮንግቤ ግን ያውቃል። እኔን ያወቀኝም ወድቄ ነው፤ እንዲህ አውቶቡስ ውስጥ። ሰው ሁሉ ሲሸሽ ኮቱን ራሴ ሥር አድርጎልኝ እስክነቃ ጠበቀ። ከመርከብ ስመለስ ለእናቴ ራሴ እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር።»

ማልሱን ልጇን ይህን ማን አስተማረው ብላ አሰበች። እሷ እንዳልሆነች ግን እርግጠኛ ነበረች። ይቅርታ ልትላት አፏን ከፈተች፤ ቃሉ እምቢ አለ። አማት ምራቷን ይቅርታ ስትጠይቅ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም።

ጠላቂዎቹ በእሳቱ ዙሪያ የተሰበሰቡት ኦክሂ ከአልጋ ከተነሳች በኋላ ነው። ጀማሪ ስለሆነች ጭሱ በሚነፍስበት ጥግ ተቀመጠች። ቹንጃ አክ ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ማልሱን፣ ባለውለታችን ነሽ፤ ቅር እንዳይልሽ። ይህች ልጅ ግን በሽታዋን ደብቃ ነው መካከላችን የገባችው። ባሕር ውስጥ አንዷ ስትሰምጥ ሌላዋን ይዛ ነው። ከእንግዲህ ጥልቀቱም ቢቀርባት፣ ዳርቻው ላይ የአረም ድርሻም ቢቀርባት፣ ይህ እሳትም ቢቀርባት ይሻላል። ወደ እናቷ ትሂድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ የአባቶች ቃል ነው።»

ራሶች ተነቀነቁ። ኦክሂ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ደረቅ ቅሏን ይዛ መጥታ ነበር፤ ሊወስዱባት እንደሆነ ገብቷታል። ማልሱን ልጅቷ አንድ ቃል ብትናገር፣ አንድ ጊዜ ብቻ በጣቷ ወደ አማቷ ብታመለክት፣ ነገሩ እንደሚገለበጥ አወቀች። አታመለክትም። ዝም ብላ ጓዟን ጠቅልላ ትሄዳለች፤ ማልሱንም ይህን ጭስ አልባ ቦታ ይዛ ትኖራለች።

«መድኃኒቱንስ የደበቀች ምን ይገኝላታል?» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መድኃኒት ነበራት። በየቀኑ ትውጠው ነበር፤ ሲያድናትም ኖሯል። እኔ ሰረቅኳት። የእኛ ዱቄት መስሎኝ። ከተማ ልሂድ ስትለኝ ከለከልኳት። ሳህኑ ከጭኗ ሲወድቅ እያየሁ ሊወጣላት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ያሰመጥኳት እኔ ነኝ።» «ባሕር አትግባ፤ ልክ ነው፣ ነርሷም ብላለች። ከአረሙና ከዚህ እሳት የሚያስወጣት ካለ ግን መጀመሪያ እኔን ያስወጣ።»

ማልሱን ተነስታ እሳቱን ዞረችና ጭሱ ውስጥ፣ ኦክሂ አጠገብ ተቀመጠች። በዚያ መንደር አለቃ ከቦታዋ ተነስታ በገዛ እግሯ ወደ ጀማሪዎቹ ጥግ ወርዳ አታውቅም። ቹንጃ ባዶውን ቦታ አየች፣ ሴቶቹን አየች፣ ከዚያም ማንም ያልጠየቃትን መለሰች። «እንጨቱን አፏ ውስጥ የሰነቀርኩትስ እኔ አይደለሁ? የአረሙ ድርሻዋ ይቆይላት።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ማልሱን ከልቧ ድንጋይ የተነሳ ያህል ቀለላት። ጓሮው በር ላይ ቆማ፣ «የዋሸሁሽ ሌላም አለ» አለች። «ባሕር አልጣልኩትም። እዚሁ ነው፣ አንድ ቦታ አስቀምጬዋለሁ። እርጥበት በልቶታልና እናቃጥለው። ቆይ ላምጣው...»

ኦክሂ ግን ቀድማት ሄዳለች። በትልልቆቹ ጋኖች መካከል ሳታመነታ አለፈች፣ ከሁሉም ኋላ ጎንበስ አለች፣ አፏ የተሸረፈውን ማሰሮ ክዳን አነሳችና ወረቀቶቹን ይዛ ተመለሰች።

ማልሱን እነዚያን ጋኖች በየጠዋቱ የምታብሰው ማን እንደሆነች ያስታወሰችው ያኔ ነው።

«ታውቂ ነበር?»

«በማግስቱ ሳብስ አየሁት።»

«እና ለምን አልወሰድሽውም? እዚህ እያለ! እጅሽ ሥር እያለ!»

ኦክሂ ሻጋታ የጀመራቸውን ወረቀቶች በሁለት እጇ አቀረበችላት፤ ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጠው።

«እርስዎ ያስቀመጡትን እንዴት አነሳለሁ፣ እማማ? እርስዎ ራስዎ እስኪሰጡኝ ነበር የምጠብቀው።»