የተወሰወሰው ወረቀት

ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ያገኘውን ሁሉ ስለሚከረክም ነው። ከትምህርት ቤት ገና በልጅነቷ ብትወጣም፣ ለልብስ ቅድ የምትጠቀምበትን አሮጌ ጋዜጣ ሳታነብ ቆርጣው አታውቅም። ከንባብ ጋር የተዋወቀችው እንዲያ እንዲያ እያለች ነው።

አሁን ደግሞ መጻፍ አማራት። የምትጽፈው ነገር አላት፤ አንድ ብቻ። አባቷ እሷንና እናቷን እንቅልፍ ላይ ጥሎ፣ እንደ ሌባ ሹልክ ብሎ የጠፋበት ቀን። እናቷ ደጋግማ የነገረቻት ታሪክ ነው። ከአባቷ የቀረላት ንብረት ይኸው በመሆኑ፣ አንድ ቀን በራሷ ስም መጽሐፍ አድርጋ ታወጣዋለች እንጂ ለማንም አታስነካውም።

ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሚሰጠው የጽሑፍ ትምህርት ስትመዘገብ ታዲያ ግማሽ ልቧን ቤቷ ትታ ነው። አስተማሪው ድሮ የሬዲዮ ድራማ ይጽፍ ነበር አሉ። ትምህርቱ ደግሞ በነጻ ነው።

«በነጻ?» አለች አጠገቧ ለተቀመጠው ጡረተኛ ትራፊክ ፖሊስ። «በነጻ የሚሰጥ ሰው ምን ሊወስድ አስቦ ነው?»

«አይ አንቺ! ሰውዬው ደግ ቢሆንስ?»

«ጋሼ፣ በዚህ የዋህነትዎ ስንቱን ያለ መንጃ ፈቃድ አሳለፉት?»

ትራፊኩ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

የትምህርቱ ሕግ እንዲህ ነበር፤ ከራስ ትዝታ አንዱን መዞ፣ እስክሪብቶ ከወረቀት ሳያነሱ፣ ሳይሰርዙ መጻፍ። «እጃችሁ ይቅደም፣ ጭንቅላታችሁ ይከተል» አለ አስተማሪው። «ቃል ሲጠፋችሁ ‹ቃል ጠፋኝ› ብላችሁ ጻፉ። ብቻ አትቁሙ። ስትጨርሱ እዚህ ካርቶን ውስጥ ክተቱት፤ የዛሬ ሳምንት እመልስላችኋለሁ።»

ካርቶን! የመቀስ ጆሮ ቆመ። ሳምንት ሙሉ ወረቀቱ እሱ ዘንድ ምን ይሠራል? የስንቱን ሰው ሆድ ዕቃ ተሸክሞ ሄዶ ድራማ ሊሠራበት ነዋ!

ወጥመድ አዘጋጀች። እውነተኛውን ታሪክ ደብቃ ውሸት ልትጽፍ ወሰነች፤ አባቷ ከወጣ በኋላ ለጃንጥላው ተመልሶ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲያለቅስ። ይህ ጃንጥላ አንድ ቀን በሬዲዮ ከተሰማ ሌባው ተያዘ ማለት ነው። ሌሎቹ ሲያጎነብሱ እሷም አጎነበሰች። እጇ እንደ ስፌት መኪና ተንደረደረ። አስተማሪው «በቃ» ሲል መለስ ብላ እንኳ ሳታይ ወረቀቱን አጠፈችው፤ ከኮሌታዋ ሥር የማትለያትን መርፌ መዛ፣ ጠርዙን በቀይ ክር ዙሪያውን ወሰወሰችው። ግራኝ ናት፤ ስፌቷ ወደ ግራ ያዘነብላል። ማንም ፈትቶ መልሶ ሊያስመስለው አይችልም።

ሳምንቱን ሬዲዮ ላይ ተጣብቃ ከረመች።

«አንቺ ደግሞ ድራማ መቼ ነው የወደድሽው?» አለቻት እናቷ።

«ሌባ እየጠበቅሁ ነው፣ እማ።»

ቅዳሜ ወረቀቷ ተመለሰላት። ክሩን ብርሃን ላይ አየችው፤ በጥፍሯ እየዳሰሰች ዞረችው። አልተነካም። ደስ ሊላት ሲገባ ፊቷ ፍም መሰለ።

«አላነበቡትም?»

«የማንንም አላነብም» አለ አስተማሪው። «የማቆይላችሁ ትኩስ በትኩሱ አይታችሁ ቀዳዳችሁ እንዳትጥሉት ነው። ጽሑፉን የሚያነበው የጻፈው ሰው ነው።»

«የጻፍኩትን አላውቀውም እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ እህቴ። እስቲ ተርትሪው።»

ንቀት መሰላት። የሷን ጽሑፍ አግኝቶ ሳይሰርቅ! ክሩን በጥርሷ በጥሳ ወረቀቱን ዘረጋችው።

ጃንጥላው አለ። ለቅሶውም አለ። ከዚያ ውሸቱ አልቆባት «ቃል ጠፋኝ ቃል ጠፋኝ» ይላል። ከሥሩ ያለው ግን እጇ ሳያስፈቅዳት የጻፈው ነበር፦ «የሸሚዝ አሚዶ ሸተተኝ። እኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኜ አያለሁ። እማ የአባዬን ሸሚዞች ትተኩሳለች። ነጩን፣ ባለመስመሩን። ኮሌታው እንዳይሰበር ካልሲ ጠቅልላ ትከትበታለች። ሻንጣው ተከፍቷል። አባዬ የጫማውን ክር ያስራል። ማንም አይናገርም።»

ክው አለች። መጀመሪያ የጠረጠረችው ራሷን ነው፤ ይሄም ፈጠራ ይሆናል። ግን ካልሲው ፈጠራ አይደለም። እናቷ የሆቴል ልብስ ተኳሽ ናት፤ እንዲያ የምታደርገው ሻንጣ ውስጥ ለሚገባ ሸሚዝ ብቻ ነው። እንደ ሌባ ሹልክ ለሚል ሰው ደግሞ ሸሚዝ የሚተኩስለት ማነው?

«ምነው፣ አልጣመሽም?» አላት ትራፊኩ።

«ጋሼ፣ ለካ እኔም ሳልፈትሽ ሳሳልፍ ኖሬያለሁ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ አንሶላ ትተኩሳለች። መቀስ ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«እማ፣ አባዬ የሄደ ቀን ሸሚዞቹን የተኮስሽለት አንቺ ነሽ?»

ካውያው ባለበት ቆመ። እናቷ «ምን ትቀባጥሪያለሽ?» አላለችም። «ተኝቼ አልነበረም ወይ?» አላለችም።

«ማን ነገረሽ?» አለች።

«ማንም።»

«አክስትሽ ናት አይደል? ያቺ አፏ የማያርፍ!»

«ስጽፍ እጄ ነው የነገረኝ።»

እናቷ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። አንሶላው ማረር ሲጀምር ነው ካውያውን ያነሳችው።

«አልጠፋም» አለች በመጨረሻ። «ሂድልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። አንዳችንን መጥላትሽ ላይቀር፣ እኔን ከምትጠይ እሱን ብትጠይ ይሻላል ብዬ ነው።»

መጽሐፏ ዓይኗ እያየ ከእጇ ወጣ። የወሰደችባት ደግሞ ታሪኩን የሰጠቻት እናቷ ራሷ ናት። ማልቀስ ፈለገች፤ ምላሷ ቀደማት።

«ይሄኛውስ እውነት ለመሆኑ በምን አውቃለሁ?»

«አታውቂም» አለች እናቷ፣ ካውያውን ከሶኬት እየነቀለች። «ለምን እንዳባረርኩት እነግርሻለሁ። ተቀመጪ። መጀመሪያ ግን እስክሪብቶሽን ወዲያ!»

መቀስ ቦርሳዋን በሩ ሥር አስቀምጣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እናቷ ግን አሁንም አላመነቻትም፤ እጅ እጇን ታያለች። ልጅቷ ሁለት መዳፎቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀች።