ከገጹ ማዶ የቀረችው ስንኝ

«ዜሮ የሰጠሁሽ ስላልገባሽ አይደለም፤ ስለደፈርሽ ነው» አለ የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ መምህሩ፣ የፈተና ወረቀቷን በጣቱ እየመታ።

ተማሪዋ ጠረጴዛው ፊት ቆማለች። በዚህ ትምህርት ከወደቀች አትመረቅም።

«መምህር፣ የግጥሙ ሌሎች አንጓዎች ሁሉ አራት አራት ስንኝ ናቸው። አንደኛው ከሦስተኛው፣ ሁለተኛው ከአራተኛው ቤት ይመታል። የመጨረሻው ግን ሦስት ብቻ ነው። አንድ የጎደለ አለ ብዬ ነው።»

«ገጣሚው መቁጠር አይችልም ነው የምትይኝ? ቆይ፣ ግጥሙ የታተመበት መጽሐፍ ይምጣና ታፍሪያለሽ።»

ግጥሙ ታሪክ ተራኪ ነው። ዓሣ አጥማጅ ባሏ ማዕበል ውስጥ የቀረባት ሴት ሌሊቱን ስትጠብቅ አድራ፣ ሲነጋ በሩን ትከፍታለች። አለቀ። መምህሩ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ «ያልተጻፈችው ስንኝ የሰጠመው ባል ናት» እያለ አስተምሯል። ተጨብጭቦለታል። የተከራከረውንም አፍ አፉን ብሎ አስቀምጧል።

የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ የመጽሐፉን አቧራ በቀሚሳቸው እየጠረጉ ገቡ። እሱው ነበር ከመጋዘን ፈልገው እንዲያመጡለት የላከባቸው። ተቀብሎ ገለጠ። ሦስቱ ስንኞች ገጹ ግርጌ ላይ አሉ። ቅጠሉን ሲያዞረው፣ ከላይ አንዲት ስንኝ ብቻዋን ተቀምጣለች። ባልየው ከነውሃው ይገባና «የሚበላ አለ?» ይላል።

ለተማሪ የሚታደለውን የግጥሙን ወረቀት ከዚሁ መጽሐፍ በገዛ እጁ የተየበው እሱ ነው። ያን ጊዜ ቅጠሏን አላዞራትም ነበር።

ጆሮው ጋለ። ፈተናው ላይ በቀይ የጻፈው ዓይኑ ውስጥ ገባ፦ «ከእኔ በላይ አንብበሻል?»

ሴትዮዋ በትከሻው በኩል አይተው ኖሮ ወደ ጆሮው ጎንበስ አሉ። «ልመልሰው? አልተገኘም እላለሁ። ነጥቧን ቀስ ብለህ ትሞላላታለህ።»

ስድብ ቢሆን መልስ አያጣለትም ነበር። ይህ ግን እዝነት ነው፤ አንገቱን አስደፋው።

«አገኙት መምህር?» አለች ተማሪዋ። ከቆመችበት ገጹ አይታያትም።

ከግድግዳው ወዲያ የሚያስተምረው ክፍል ሞልቶ ይንጫጫል፤ ያችው ወረቀት ዛሬም በሁሉም እጅ ላይ አለች። መምህሩ መጽሐፉን አዙሮ ወደ እሷ ገፋው። አነበበችና ከንፈሯን ነከሰች።

«ሳቂ እንጂ። ምን ያፍንሻል?»

«ኧረ መምህር… ምግብ መጠየቁ ነው።»

«ያዢው በይ፣ እንግባ። ጮክ ብለሽ ታነቢላቸዋለሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ወረቀቱን ማን እንደተየበው እነግራቸዋለሁ» አለና በሩን ቀድሟት ከፈተ።