የተቀጠለው ካሴት

አባቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። በሕይወቱ የወደደው አልበም አንድ ብቻ ነው፤ የሰማንያዎቹ ፖፕ፣ ሽፋኑ ላይ ባለ ጎፈሬ ዘፋኝ ነጭ ኮት ለብሶ ባዶ ወንበር ላይ የሚያፈጥበት። ሌላ ካሴት ሲሰጡት "ይሄኛውንስ መች ጠገብኩት?" ይላል።

አንድ ቀን የአውቶቡሱ ቴፕ ካሴቱን በላው። ያኔ እናቴ ገና እጮኛው ነበረች፣ ከኋላው ተቀምጣለች። የተጨማደደውን ክር በጥፍር መቁረጫዋ ቆርጣ በፕላስተር ቀጠለችውና "ምንም አልጎደለው" አለች። ጎድሎታል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ዘፋኙ ትታው የሄደችውን ሴት ሊለምን ትንፋሹን ሲስብ፣ ከበሮው ዘሎ ወደ ጭፈራው ይገባል። እኛ ቤት ሰውዬው ሳይለምን ነው የሚታረቀው።

ጭፈራችንም እንደ ካሴቱ ነው። ዝላዩ ጋ ስንደርስ ሁላችንም እንዞራለን፤ እናቴ ደግሞ የአባቴን ግራ እግር ትረግጣለች። አንድ ጊዜም አልሳተችውም። በእህቴ ሠርግ ባንዱ ዘፈኑን ሙሉውን ሲጫወት እኛ ቀድመን ዞርንና ከአማቾቻችን ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጨን። አባቴ ባንዱ ልመናውን ከኪሱ ጨምሮበታል ብሎ ተቀየመ።

እናቴ አምና አረፈች። ካሴቱም አርጅቶ ከሹክሹክታ በቀር ድምፅ የለውም። አባቴ የተዘጋ ቴሌቪዥን ፊት ይውላል፣ እህል አይቀምስም ማለት ይቻላል። እንዳይከተላት ፈራን። ስለዚህ አልበሙን ፈልጌ ስልኬ ላይ ጫንኩና፣ እህቴም ባለችበት፣ ሦስተኛውን ዘፈን ከፈትኩለት።

ዝላዩ ጋ ደረስን። ከበሮው አልዘለለም። ዘፋኙ መለመን ጀመረ፤ ለመነ፣ አለቀሰ፣ እንደገና ለመነ።

"ለካ ባንዱን በከንቱ ነው ያማሁት" አለ አባቴ። ቆየት ብሎም "ይሄን ሁሉ ለምኗት ኖሯል?" አለ።

ዘፈኑ አለቀ።

"እና መጣች?"

"አይልም አባዬ" አለች እህቴ።

"እንግዲያው ቁረጥልኝ" አለኝ።

በስልኬ ቆረጥኩት። "አበዛኸው" አለ። እንደገና ሞከርኩ። "አሁን ደግሞ አሳነስከው። እናትህ የቆረጠችው ትንፋሹን ስቦ ሳይጨርስ ነው።" ልክ እሱ ያለው ቦታ ላይ ቆረጥኩት።

ከወንበሩ ተነሣ። ግራ እጁን ዘርግቶ፣ ቀኙን የእናቴ ወገብ ይደርስ በነበረበት ቁመት ላይ አድርጎ ብቻውን ይጨፍር ጀመር። እህቴ ልትነሣ ስትል በዓይኑ አስቀመጣት። ከበሮው ዘለለ። አባቴ ዞረና ግራ እግሩን ቶሎ ሰበሰበ።

የረገጠው የለም። ቆሞ ጫማውን አየ።

"ድገመው" አለኝ።

ደገምኩት። በዚህኛው ዙር እግሩን አልሰበሰበም።