የእትዬ ኦዲላ አደንጓሬ

በእትዬ ኦዲላ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቆሞ አያውቅም። የአስተማሪ ደመወዝ መኪና ገዝቶ አያውቅማ! በመኪናው ፈንታ ሦስት መደርደሪያ መጽሐፍ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበርና ከበሩ ላይ ቅጠሉን የሚያራግፍ የማንጎ ዛፍ አለ። ቅዳሜ ጠዋት የሠፈሩ ልጆች እዚያ እየተሰበሰቡ ስላነበቡት የጀብዱ መጽሐፍ አስተያየት ይሰጣሉ። ድሮ ወንበሩ አይበቃቸውም ነበር፤ የዘገየ መሬት ላይ ይቀመጣል። በዚያ ዓመት ግን የባርኪሲሜቶ ከተማ ዳርቻ ልጅ ሁሉ ከወላጆቹ ጋር ወደ ኮሎምቢያ፣ ወደ ፔሩ፣ ስሙን እንኳ ሰምቶት ወደማያውቀው አገር እየሄደ አልቆ፣ አግዳሚው ላይ የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። እንደ ልባቸው ተዘርግተው ይቀመጡበታል፤ ስፋቱ ግን አያስደስትም።

የቤቱ ደንብ እንዲህ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ በተራው ይናገራል። ሌላው መሳቅ ይችላል፣ መሳደብም ይችላል። ሲያበቃ እትዬ ኦዲላ አንድ የወተት ዱቄት ጣሳና አንድ ቅል ያወጣሉ። ጣሳው ውስጥ ነጭና ጥቁር አደንጓሬ አለ፤ መጽሐፉን የወደደ ነጭ፣ የጠላ ጥቁር አንሥቶ ቅሉ ውስጥ ይጥላል። ነጭ ከበዛ መጽሐፉ ከላይኛው መደርደሪያ ይቀመጣል፣ ጥቁር ከበዛ ድመቷ ከምትተኛበት ከታችኛው። የተጣለው ድምፅ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ከቅሉ አይወጣም። ምክንያቱን ያልተናገረ አይጥልም፤ የጣለም አያነሣም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "ሐሳቤን ቀየርኩ" ብሎ እዚያ አግዳሚ ላይ ያለቀሰ ልጅ ብዙ ነው፤ እትዬ ኦዲላ ግን አንዱንም ሰምተው አያውቁም።

የዚያ ቅዳሜ መጽሐፍ መርከባቸው ሰምጦ ሰው በሌለበት ደሴት ስለቀሩ አራት ልጆች ነበር።

"ውሸት ነው" ሲል ጀመረ ዴይቪስ። ዴይቪስ ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሱሪውን ጥሎት አድጎ ቁርጭምጭሚቱ ከሩቅ ይታያል። "እነዚህ ናቸው የተቸገሩት? ጠዋት የኤሊ እንቁላል፣ ቀን የተጠበሰ ዓሣ፣ ማታ ኮኮናት! እትዬ፣ እሱ የሰመጠው መርከብ ትኬቱ የት ነው የሚሸጠው? ከነቤተሰቤ ልሳፈር።"

እትዬ ኦዲላ እንኳ ፈገግ አሉ።

"ደግሞ ውኃው!" ዴይቪስ ሳቁን ሲያይ ባሰበት። "ከረግረጉ እየጨለፉ ጠጡ፤ የአንዳቸውም ሆድ አልጮኸም። እኛ የቧንቧውን ሳናፈላ ብንጠጣ ሳምንቱን ከሽንት ቤት አንወጣም። ለኔ ጥቁር ነው።"

ቀጣይዋ ኮሮሞቶ ነበረች፤ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ፀጉሯን አክስቷ እየጎተተች የምትሠራት ልጅ። "እኔ ማዕበሉን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ዓመት ሙሉ እናታቸውን አንዴም አላነሡም። አንዴ እንኳ! እኔ እናቴ ሊማ ከሄደች..." አለችና የቀረውን ዋጠችው። "የኔም ጥቁር ነው።"

ተራው የዩስማሪ ሆነ። ዩስማሪ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ከሦስቱም የሾለ ነው፤ የጀብዱ መጽሐፍ ሲነኩባት ደግሞ ትብሳለች።

"አንተ ደነዝ" አለችው ዴይቪስን። "የጀብዱ መጽሐፍ እኮ ነው! ተቅማጥ ማን ይጽፋል? ጀግናው ሱሪውን ይዞ ወደ ጫካ ሲሮጥ ነው ማንበብ የምትፈልገው?"

"እሱን ቢጽፉት ነጭ እጥል ነበር" አለ ዴይቪስ።

"እኔ የምወደው ለዚሁ ነው። እዚያ ውስጥ ማንም ውኃ ጠጥቶ አይታመምም። መጨረሻው ላይ መርከብ ይመጣል። እኔ መርከብ የሚመጣበት መጽሐፍ ነው የምፈልገው፤ የማይመጣበትማ ቤታችን አለ።"

ማንም አልሳቀም። ነጩን አደንጓሬ ቅሉ ውስጥ ጣለች፤ ሁለቱ ጥቁሮች ከጎኑ አረፉ። ዴይቪስ ግን ጣሳው ውስጥ አፍጥጦ፣ "እትዬ፣ ጥቁሮቹን ምን ነካቸው? ፊታቸው ተጨማድዷል" አለ።

"አርጅተው ነዋ" አሉ እትዬ ኦዲላ ፈጠን ብለው፣ ጣሳውንም ከደኑት።

ጣሳውን መደርደሪያው ላይ መመለስ የዩስማሪ ሥራ ነው። ሁለቱ ልጆች ሄዱ፤ እትዬ ኦዲላም ድመቷን እየጠሩ ወደ ጓሮ ገቡ። ዩስማሪ ጣሳውን ታቅፋ ቆመች። ስንት ጊዜ ይዛዋለች፤ ምግብ መሆኑ ግን የታያት ያን ቀን ነው።

ቤታቸው የሚበላው ማንጎ ነበር። ጠዋት ማንጎ፣ ማታ ማንጎ፣ ያልበሰለው በጨው፣ የበሰለው እንዲሁ። የበቆሎ ዱቄቱ ካለቀ ሰንብቷል፤ መንግሥት አድላለሁ ያለው የምግብ ሳጥንም የውኃ ሽታ ሆኗል። እናቷ ኔሊዳ የሰው ልብስ አጣቢ ናት፤ የምታጥብላቸው ሰዎች ልብሳቸውን ለብሰው ተሰደዋል። ታናሽ ወንድሟ ዊልመር አምስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት በተቅማጥ ሊሞት ደርሶ ሲተርፍ ሐኪሙ ኔሊዳን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ያልፈላ ውኃ እንዳይቀምስ። አንዴ ከደገመው አቅም የለውም" ብሏታል። ከዚያ ወዲህ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረችው ጋዝ የዊልመር ውኃ ማፍያ ብቻ ናት። የጋዝ መኪናው መንገዱን ከረሳው ወራት አልፈዋል፣ እንጨቱን ደግሞ ዝናብ አበስብሶታል። የቀረው ቤተሰብ ማንጎውን ጥሬ ይበላል፤ እሳት ለዊልመር ውኃ ብቻ ይነድዳል።

ዩስማሪ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ግን ዊልመር በዚያው ጠዋት ማንጎውን ስትሰጠው "ሌላ ቀለም ያለው ምግብ የለም?" ብሏት ነበር። አደንጓሬውን ቀሚሷ ጫፍ ላይ ገለበጠችው። ጣሳው ሲነሣ እንዲንኳኳ ከግቢው ጠጠር ለቅማ ሞላችበት፣ ከደነችው፣ መለሰችው። ሌባ ስትሆን እንዲህ ጎበዝ መሆኗን አታውቅም ነበር።

"እትዬ ኦዲላ ሰጡኝ" አለች ቤት ስትደርስ።

ኔሊዳ አደንጓሬውን በመዳፏ እያገላበጠች አየችው። "ነጭና ጥቁር ቀላቅሎ የሚሰጥ ማነው?"

"እንዲሁ ነው የሰጡኝ፣ ማሚ።"

ኔሊዳ ልጅ ሳለች እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ ከዚያው ጣሳ ድምፅ ሰጥታለች። አላወቀችም ማለት ይከብዳል። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ጠይቃ መልሱን ከምትሰማ ድስት ፍለጋ ሄደች። "ይዘፍዘፍና ነገ ይቀቀላል" ልትል ነበር። ዊልመር ድስቱን አቅፎ "ዛሬ ነው! ዛሬ ነው!" እያለ ሲጨፍር አየችና ክብሪቱን ጫረች።

ውኃው ፈላ፤ ጠቆረ። ሽታው እንደ እውነተኛ ምሳ ቤቱን ሞላው። ዊልመር ከምድጃው ሥር ተቀምጦ "በሰለ?" ይላል፤ ኔሊዳ አንዷን በማንኪያ አውጥታ ትነክሳለች፣ "ትንሽ ይቀረዋል" ትላለች። እንደገና "በሰለ?"፤ እንደገና "ትንሽ ይቀረዋል።" ዩስማሪ ነበልባሉን ታያለች። እያጠረ ነው። "አጥፊው ማሚ፣ ለውኃው ይቅርልን" የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጣ። ግን አሁን ቢጠፋ ያለቀውም ጋዝ በከንቱ ሊሆን ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው፣ ማሚ ብላለች። ኔሊዳም ይህንኑ እያሰበች ነበር፤ ሁለቱም እያሰቡ ሁለቱም ዝም አሉ። ነበልባሉ እንደ ጥፍር አነሰች፣ ሰማያዊ ሆነች፣ ጠፋች።

ዊልመር አንዷን አፉ ውስጥ ከትቶ ተፋት። "ማሚ፣ ድንጋይ ነው።"

ኔሊዳ አልጮኸችም፣ አልመታችም። ጥቁሩን ውኃ በየኩባያው ቀድታ ጨው ነሰነሰችበትና "ሾርባ ነው" አለች። ጠጡት። ዊልመርማ ወደደው፤ የኩባያውን ቂጥ በጣቱ ጠረገ።

በማግስቱ ኔሊዳ እርጥቡን እንጨት እፍ ስትል ዋለች፤ ጭስ እንጂ እሳት አላገኘችም። ከዚያ ከሰል የሚያበድር ጎረቤት ፍለጋ ሽቅብ ወጣች። "ወንድምሽን ጠብቂ" ብላ ነው የሄደችው። ዩስማሪም ጠብቃለች፤ ከበራፉ ላይ ተቀምጣ፣ መጽሐፍ እያነበበች። ዊልመር ግን ሙቀቱ ጠንቶበት ነበር፣ ጨዉም ጥማት ጥሎበታል። ያልፈላው ውኃ ባልዲ ከጓዳ ነበር። መጽሐፉ ላይ አቀርቅራ እያለች ከኋላዋ የኩባያውን ድምፅ ሰማች፤ ቀና ስትል ጠጥቶ አፉን በክንዱ እየጠረገ ነው።

ሰኞ ተቅማጡ ጀመረው። ማክሰኞ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ወለል ላይ ነው የተኛው፤ "ግሉኮስ የለንም፣ ከውጭ ፈልጉ" ተባሉ። ኔሊዳ ከተማውን ስትዞር ዋለች። ሐሙስ ጠዋት ዊልመር ሞተ።

በደንባቸው ለሞተ ሰው ዘጠኝ ቀን ይጸለያል። ቤቱ በጎረቤት ተሞላ፤ ያ ሁሉ ሰው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ባዶ የመሰለው ሠፈር ለልቅሶ አላነሰም። አንዲት ሴት ከሰል ይዛ መጣች። ዩስማሪ ከሰሉን አይታ ወደ ጓሮ ወጣችና እስኪያማት ድረስ አለቀሰች። የተቀቀለው አደንጓሬ ቆርቆሮው ላይ ተሰጥቶ ደርቆ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ለቅማ በላስቲክ ቋጠረችውና ማንም ሳያያት ወደ እትዬ ኦዲላ ሄደች።

አግዳሚው ባዶ ነው። ዴይቪስ ከአጎቱ ጋር በእግሩ ወደ ድንበሩ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ኮሮሞቶ ቀብር ላይ አይታት ምን እንደምትላት ጨንቋት ቀርታለች። እትዬ ኦዲላ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ሲያዩዋት ተነሡ።

"ሌባ ነኝ፣ እትዬ" አለች ዩስማሪ፣ ላስቲኩን እጃቸው ላይ አስቀምጣ። "ጣሳው ውስጥ ያለው ጠጠር ነው። ጋዛችንን በዚህ ነው የጨረስነው። የዊልመርን ጋዝ።"

እትዬ ኦዲላ ላስቲኩን ፈቱት። ነጩ ሁሉ ከጥቁሩ ጋር ፈልቶ ቀለሙን ጠጥቷል፤ የትኛው ነጭ እንደነበር አይለይም። ከዚያ ሲናገሩ ቀና ብለው አላዩዋትም።

"ይኼ አደንጓሬ ካንቺ እናት ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፣ ልጄ። አይበስልም። ቀቅዬው አውቃለሁ።"

"ምን አሉኝ?"

"የገና ሰሞን። ጥቁሮቹን ብቻ። ነጮቹን ለናንተ ብዬ ተውኳቸው። ሲሊንደሬን ጨረስኩበት፤ አንዷም አልበሰለችም። አጥቤ፣ አድርቄ መለስኳቸው። ዴይቪስ 'ፊታቸው ተጨማድዷል' ሲል እኮ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" ዩስማሪ ጮኸች። በዚያ ግቢ ውስጥ አስተማሪ ላይ የጮኸ ልጅ ኖሮ አያውቅም። "ለምን 'አይበስልም' አላሉንም?"

"አፈርኩ" አሉ እትዬ ኦዲላ። "አስተማሪ ሆኜ የልጆችን ድምፅ ቀቀልኩ ልበል?"

ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው። ውሸት! ዝም ብሎ ይነቅዛል። አንዲት ቃል እየሳቁ ቢናገሯት፣ ዴይቪስ ሳምንቱን ሙሉ ቢያላግጥባት፣ ያች ጋዝ ለዊልመር ውኃ ትቀር ነበር። ሴትዮዋ አፈሩ፣ እናትየዋ አፈረች፣ ልጅቷ አፈረች፤ በሦስት ሴቶች ሐፍረት አንድ ልጅ ሄደ። ማንን ይቆጧል? እትዬ ኦዲላ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቁ ዩስማሪ ቆማ አየቻቸው፤ ልታባብላቸው አልቻለችም፣ ልትጠላቸውም አልቻለችም።

ቅሉ ከመደርደሪያው ላይ ነበር። ያለፈው ቅዳሜ ሦስት ድምፆች እንደተጣሉ አሉ፤ ሁለት ጥቁር፣ አንድ ነጭ። በዚያ ቤት የቀረችው ነጭ አደንጓሬ እሷ ብቻ ናት።

"ድምፄን መቀየር እፈልጋለሁ" አለች ዩስማሪ።

እትዬ ኦዲላ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። የጣለ አለማንሣቱ የዕድሜ ልካቸው ደንብ ነው። ያም ሆኖ ቅሉን አንሥተው ሰጧት።

ነጯን አውጥታ በእጃቸው ላይ አኖረች። ከላስቲኩ የትኛዋንም ሳትመርጥ አንዷን አነሣች።

"ምክንያትሽን ተናገሪ" አሉ እትዬ ኦዲላ በማይሰማ ድምፅ፤ አፋቸው ለምዶባቸው ነው።

"ከረግረጉ ጠጡ፣ አንዳቸውም አልታመሙም" አለች ዩስማሪ። "ዴይቪስ ልክ ነው። ውሸት ነው።"